ሜርተር ቲድቪል፦ «የሌበር ርስት» የምትባለው የምርጫ ክልል በእርግጥ የማን ነበረች?

#1 — ሰነድ አገላባጭ

ስለ ብሪታንያ ምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሜርተር ቲድቪል «ከ1900 ጀምሮ የሌበር (የብሪታንያው የሠራተኞች ፓርቲ) ርስት» እየተባለች ትጠቀሳለች። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሐሰቱ ይልቅ ለማረም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ደቡብ ዌልስ ውስጥ፣ ከካርዲፍ በስተሰሜን፣ በታፍ ወንዝ ሸለቆ አናት ላይ ትገኛለች። የብረት ማዕድን፣ ከሰል፣ የኖራ ድንጋይና ወራጅ ውሃ አንድ ቦታ ላይ ስለተገናኙ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አራት ትልልቅ የብረት ማቅለጫዎች ተተከሉባት፦ ዳውላይስ (1759)፣ ከቫርትቫ (1765)፣ ፔኒዳረንና ፕሊመዝ። በ1804 በሐዲድ ላይ 10 ቶን ብረት የጎተተው የትሬቪቲክ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የተነሳው ከፔኒዳረን ነው። በ1801 ቆጠራ 7,705 ነዋሪ ነበራት፤ በ1851 ከ46,000 በላይ ሆነ። ከዌልስ ከተሞች ሁሉ ትልቋ ሆና ሳለ ግን እስከ 1832 ድረስ በፓርላማ የራሷ እንደራሴ አልነበራትም።

በ1831 ደመወዝ ተቀነሰ፤ በዚያው ላይ የዕዳ ፍርድ ቤቱ የሠራተኛውን የቤት ዕቃ እያስወሰደ ይሸጥ ነበር። ሕዝቡ ተነስቶ ፍርድ ቤቱን ዘረፈ፣ መዝገቡን አቃጠለ፣ ቀይ ባንዲራ አወጣ። ጁን 3 ቀን ካስል ኢን በተባለው ሆቴል ፊት ለፊት ወታደሮች ተኩሰው ከደርዘን የሚበልጥ ሰው ገደሉ። ዲክ ፔንደሪን በሚል ስም የሚታወቀው ሪቻርድ ሉዊስ አንድ ወታደር ወግቷል ተብሎ ኦገስት 13 ቀን ካርዲፍ ላይ ተሰቀለ።

በዓመቱ የወጣው የ1832 ሕግ ለሜርተር አንድ መቀመጫ ሰጣት። ድምፅ የሚሰጠው ግን በዓመት 10 ፓውንድ ኪራይ የሚያወጣ ቤት የያዘ ወንድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ መራጩ 500 ያህል ሰው ነው። የመጀመሪያው እንደራሴ የዳውላይስ ማቅለጫ ባለቤት ሰር ጆን ጌስት ሆነ። ያለ ተፎካካሪ ገባ፣ በ1852 እስኪሞት ድረስም ከወንበሩ አልተነሳም። የመጀመሪያው ባለርስት እንግዲህ ሌበር ሳይሆን አሠሪው ራሱ ነበር።

#2 — ጉልላት

መግቢያው መልካም ነው፤ ግን ወደ ዋናው ና። ከ1922 እስከ 2024 ድረስ በጠቅላላ ምርጫ ሌበር የተሸነፈባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ርስት ካልሆነ ርስት የሚባለው ምንድን ነው?

#3 — ቆጠራ

ጉልላት፣ ያ «አንድ ጊዜ» ላይ እንደርሳለን፤ ሙሉውን ጠባይ የሚያሳየውም እሱ ነው። መጀመሪያ ግን 1868 ይታይ።

የ1867ቱ ሕግ በከተሞች ቤት ላለው ሠራተኛ ድምፅ ሰጠ፤ ለሜርተርም ሁለተኛ መቀመጫ ጨመረላት። የመራጩ ቁጥር ከ1,387 ወደ 14,577 ዘለለ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ወንበሩን ከ1852 ጀምሮ የያዘው ሄንሪ ኦስቲን ብሩስ የሊበራል መንግሥት ሚኒስትር ለመሆን የታጨ ትልቅ ሰው ነበር። ውጤቱ፦ ሄንሪ ሪቻርድ 11,683፣ ሪቻርድ ፎዘርጊል 7,439፣ ብሩስ 5,776። ብሩስ ሦስተኛ ወጥቶ ቀረ። በኋላ ከስኮትላንድ ሌላ ወንበር ተፈልጎለት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ አገለገለ፤ ሜርተር ግን አልፈለገችውም።

ምክንያቱ የሚጨበጥ ነው። ማዕድን ቆፋሪው ስለ ጉድጓድ ደኅንነትና ስለ ሁለት ፈረቃ ሥራ ይጠይቅ ነበር፤ ብሩስ የሚመልሰው ደግሞ እንደ አሠሪዎቹ ነበር። በምስጢር ድምፅ የመስጠትን ጥያቄም ያኔ አልደገፈም። ልብ በሉ፣ የምስጢር ድምፅ ሕግ የወጣው በ1872 ነው፤ በ1868 ሠራተኛው የመረጠውን ስም የተናገረው አለቃው እየሰማው ነው። አንደኛ የወጣው ሪቻርድ የሰላም ማኅበር ጸሐፊ የነበረ ሰባኪ ነው፤ ፋብሪካም ሆነ መሬት አልነበረውም። ሁለተኛው ፎዘርጊል ግን ራሱ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነው። ስለዚህ «ሠራተኛው አሠሪውን ጣለ» ብሎ ማሳመር አይቻልም። አንዱን አሠሪ አስገብቶ፣ ቃሉ ያላማረውን ሚኒስትር አስቀረ፤ የሆነው ይህ ነው።

#4 — ዘነበች ካ.

የሁለት መቀመጫውን አሠራር ያልገባው ሰው ከ1868 እስከ 1915 ያለውን ቁጥር ሁሉ ያበላሸዋል።

ክልሉ ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው። ሁለቱን ለሁለት ሰው ያካፍላል ወይም አንዱን ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ይተዋል። ሁለቱን ለአንድ ሰው መደረብ አይችልም። የድምፁ ድምር ስለዚህ ከመራጩ ቁጥር ይበልጣል። ከላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ደምሩ፤ 24,898 ይመጣል፤ የተመዘገበው መራጭ ግን 14,577 ነው። ይህን አይተው «የተጭበረበረ ምርጫ» ብለው የጻፉ አሉ። በዚህ አሠራር የአንድ ዕጩ ድምፅ ለድምሩ ተካፍሎ የሚወጣው መቶኛም ከዛሬው ጋር አይነጻጸርም።

አሁን 1900 ላይ አድርጉት። ዲ. ኤ. ቶማስ (ሊበራል፣ የከሰል ማዕድን ባለሀብት) 8,598፤ ኪር ሃርዲ (የሠራተኞች ውክልና ኮሚቴ፣ የኋላው ሌበር) 5,745፤ ፕሪቻርድ ሞርጋን (ሊበራል) 4,004። ከሃርዲ 5,745 ድምፅ ውስጥ ለእሱ ብቻ የተሰጠው 867 ነው። 4,437ቱ ከቶማስ ጋር፣ 441ዱ ከሞርጋን ጋር ተጣምሮ የተሰጠ ነው። ከአራቱ ድምፅ ሦስቱ ያህል የመጣው የሊበራሉን ባለሀብት ከመረጠው ሰው ነው ማለት ነው። ክልሉ ባለ አንድ መቀመጫ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት ሃርዲ አይገባም ነበር።

#5 — ሰነድ አገላባጭ

የዘነበች ቁጥር «ከ1900 ጀምሮ» የሚለውን ሐረግ ይሰብረዋል። ቶማስ ለምን ለሃርዲ መንገድ ለቀቀ ለሚል፦ ቶማስና ሞርጋን የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆነው ዓይንና ናጫ ነበሩ። በዚያ ላይ የቦር ጦርነት እየተካሄደ ነው። ሞርጋን የጦርነቱ ደጋፊ፣ ሃርዲ ተቃዋሚ፤ የሄንሪ ሪቻርድ የሰላም ስብከት ደግሞ በየቤተ ጸሎቱ ገና አልበረደም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1898፣ የከሰል ባለሀብቶች ለስድስት ወር ያህል በር ዘግተውባቸው ሠራተኞቹ ተርበዋል፤ የደቡብ ዌልስ ማዕድን ቆፋሪዎች ፌዴሬሽን የተወለደው ከዚያ ሽንፈት ነው። የደረጀ ማኅበር፣ የተከፋፈለ ሊበራል፣ ሁለት ድምፅ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ ሌላ ነበር።

ሃርዲ ያኔ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ነበር የተወዳደረው፤ ጠቅላላ ምርጫው በአንድ ቀን ስላልነበር ይህ ይቻል ነበር። ፕሬስተን ላይ ተሸነፈና በቀረችው ጥቂት ሰዓት ወደ ሜርተር ሮጠ። የቀሰቀሱለት እሱ ሳይሆን የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

#6 — ሥላሴ ሰፈር

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ሳይነሳ አይለፍ። የኪር ሃርዲ የቅርብ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ያቺው የኢትዮጵያ ወዳጅ ናት፤ በ1936 አዲስ አበባ በጣልያን በተያዘች ሰሞን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ የጀመረችው፣ በ1956 አዲስ አበባ ገብታ በ1960 ያረፈችውና በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው። የልጇ ሙሉ ስም ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክኸርስት ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ስንቱ የታሪክ ተማሪ የሚያውቃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ማለት ናቸው። መካከል ላይ ያለው «ኪር» የሜርተሩ እንደራሴ ስም ነው።

#7 — ጉልላት

ሥላሴ ሰፈር፣ ይህ ደስ የሚል ነው፤ ግን ስለ ክልሉ የሚያስረዳን የለም። ሃርዲ ከሞተ በኋላ ምን ሆነ? ወንበሩ በሌበር እጅ ቀጠለ አይደል?

#8 — ቆጠራ

አልቀጠለም። ሃርዲ ሴፕቴምበር 1915 ሞተ። በጦርነቱ ምክንያት ፓርቲዎቹ አንዱ በሌላው ባዶ ወንበር ላይ ላለመወዳደር ተስማምተው ስለነበር የሌበሩ ዕጩ ጄምስ ዊንስተን በቀላሉ ይገባል ተብሎ ነበር። ዊንስተን የቆፋሪዎቹ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነው። በዚሁ ክልል ያለችው የአበርዴር ከተማ ቆፋሪዎች ወኪል የነበረው ቻርልስ ስታንተን ግን ሥራውን ለቆ በግሉ ቀረበ፤ መፈክሩ ጦርነቱን እስከ ድል መግፋት ነው። ውጤት፦ ስታንተን 10,286፣ ዊንስተን 6,080። የፀረ ጦርነቱ ሃርዲ ወንበር በጦርነቱ አቀንቃኝ እጅ ወደቀ፤ ያም በ4,206 ብልጫ።

ሁለቱም የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች መሆናቸውን ያዙልኝ። ሜርተር የሠራተኛውን ወገን አልተወችም፤ ፓርቲው የላከውን ሰው ነው የመለሰችው። 1868ትም ይኸው ነው። 1970ም ይኸው ነው።

#9 — ሰነድ አገላባጭ

መሸጋገሪያውን በአጭሩ ላስቀምጠው። በ1918 ድሮ አንድ የነበረው ክልል ሜርተርና አበርዴር ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ባለ አንድ መቀመጫ ሆኑ። ከ21 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ሁሉና ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ አብዛኞቹ ሴቶች ድምፅ አገኙ። ያም ሆኖ በ1918 ሜርተርን የወሰደው ሊበራሉ ሰር ኤድጋር ጆንስ ነው። ሌበር በዎልሄድ አማካይነት የገባው በ1922 ነው። ዎልሄድ በ1934 ሲሞት በማሟያ ምርጫው አራት ሰዎች ቀረቡ፤ ሦስቱ ከግራው ናቸው፦ ሌበር፣ ከሌበር በ1932 የተገነጠለው ነጻ የሠራተኞች ፓርቲ እና ኮሚኒስት። የሌበሩ ኤስ. ኦ. ዴቪስ አሸነፈ። እሱም የቆፋሪዎች ወኪል የነበረ ነው።

በዚያ ዘመን የዳውላይስ ማቅለጫ ዋናው ክፍል በ1930 ተዘግቶ ከተማዋ ሥራ አጥታለች። ኖቬምበር 1936 ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ዳውላይስን አይቶ አንድ ነገር መደረግ አለበት ብሎ ሄደ፤ በሚቀጥለው ወር ዙፋኑን ለቀቀ። ሥራ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ በ1948 የተከፈተው የሁቨር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቀጠረ፤ እስከ 2009ም አመረተ። ከዚህ በኋላ የሜርተር ሠራተኛ ማለት ማዕድን ቆፋሪ ብቻ መሆኑ ቀረ። የፋብሪካ ሴቶችና የመካኒኮች ማኅበር አባላት በፓርቲው የአካባቢ ኮሚቴ ውስጥ እየበዙ መጡ፤ ይህ ለ1970ው ነገር ያስፈልገናል።

#10 — ዘነበች ካ.

1970ን ለመረዳት ከአበርቫን መነሳት ግድ ነው። አበርቫን በዚሁ ክልል ውስጥ ያለች የማዕድን መንደር ናት። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት ከመንደሩ በላይ የተቆለለው የማዕድን ተረፈ ምርት፣ ቁልል ቁጥር 7 የሚባለው፣ ተንዶ የፓንትግላስን ትምህርት ቤትና በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ቀበረ። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ሕፃናት ናቸው። ቁልሉ ከ1958 ጀምሮ የተቆለለው በካርታ ላይ ሳይቀር በሚታይ ምንጭ ላይ ነበር። ውሃው ከሥር እያረሰው ደቃቁ ተረፈ ምርት እንደ ጭቃ ሆኖ ፈሰሰ። የከተማው መሐንዲስ በ1963 አደጋውን በደብዳቤ አሳስቦ ነበር።

76 ቀን የተቀመጠው መርማሪ ችሎት ጥፋቱን በብሔራዊ የከሰል ቦርድ ላይ ጣለ፤ ከሥራው የተባረረ ወይም የተከሰሰ ግን የለም። ፖለቲካውን የመረዘው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የቀሩትን ቁልሎች ለማንሳት ከሚወጣው ወጪ 150,000 ፓውንድ ሕዝብ ለተጎጂዎች ካዋጣው ገንዘብ ላይ በ1968 ተወሰደ። በወቅቱ የነበረው መንግሥት የሌበር ነው። ከተማው ሌበር፣ ምክር ቤቱ ሌበር፣ የከሰል ቦርዱ የመንግሥት፤ የተበደለው ሰው የሚጮኸው ወደ ማን ነው? ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረበት።

#11 — ጉልላት

እንደራሴው ኤስ. ኦ. ዴቪስ በአበርቫን ጉዳይ ንጹሕ ነበር እንዴ? በችሎቱ ላይ የተናገረው ይታወቃል።

#12 — ዘነበች ካ.

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዴቪስ ቁልሉ ሊንሸራተት እንደሚችል ይጠረጥር እንደነበረ፣ ጉዳዩን ቢገፋ ግን ማዕድኑ እንዳይዘጋ ሰግቶ እንደነበረ ለችሎቱ ተናገረ። ችሎቱ ቃሉን እንዳለ አልተቀበለውም፤ የሚናገረውን ክብደት የተረዳው አልመሰላቸውም። እውነት ከሆነ ከጥፋቱ ድርሻ እንደሚደርሰውም ገለጹ። የሠራተኛ ከተማ እንደራሴ ያለበት አጣብቂኝ ያ ነው፤ ጉድጓዱ ይገድላል፣ መዘጋቱም ያስርባል። ያም ሆኖ መራጩ በእሱ ላይ አልዞረም።

#13 — ቆጠራ

እንግዲህ 1970። ዴቪስ ዕድሜው በይፋ በተመዘገበው የልደት ዓመት (1886) 83 ነው። ከፓርቲው መሪዎች ጋር ዘመኑን ሙሉ ሲጋጭ የኖረ ሰው ነው፤ በ1955 ለዌልስ የራሷ ፓርላማ ይሰጣት የሚል ረቂቅ አቅርቦ ወደቀበት፣ በ1961 በመከላከያ በጀት ላይ ከመስመር ወጥቶ ድምፅ በመስጠቱ ከፓርላማው ቡድን ከታገዱት አምስት ሰዎች አንዱ ነበር። የክልሉ ፓርቲ አስተዳደር ኮሚቴ በዕድሜው አሳብቦ ዕጩነቱን ነሳውና የመካኒኮች ማኅበር ሰው የሆነውን ታል ሎይድን አቀረበ። ዴቪስ በግሉ ተወዳደረ።

ዴቪስ 16,701። ሎይድ (ሌበር) 9,234። ኮንሰርቫቲቩ 3,169። ፕላይድ ከምሪ፣ የዌልስ ብሔርተኛው ፓርቲ፣ 3,076። ዴቪስ 51.9 በመቶ አገኘ፤ ብልጫው 7,467። በዚያ ጊዜ አንድ ዕጩ ለመወዳደር የሚያስይዘው ገንዘብ (ማስያዣው) 150 ፓውንድ ነበር፤ ከተሰጠው ድምፅ አንድ ስምንተኛውን ያላገኘ ይወረስበታል። ድምሩ 32,180 ስለሆነ መስመሩ 4,022 አካባቢ ነው፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ገንዘባቸውን አጡ።

የፓርቲው ስሌት የተሳሳተበት ቦታ ግልጽ ነው። የኮሚቴ አባላት ቁጥርና የመራጭ ቁጥር ለየቅል ናቸው። ዕጩን የሚመርጡት ከየማኅበሩ የተላኩ ጥቂት ደርዘን ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ማሳመን በቂ ነው ተብሎ ታሰበ። መራጩ ግን ለ36 ዓመት ጡረታውን፣ የሳንባ በሽታ ካሳውን፣ የቤቱን ጉዳይ ያስፈጸመለትን ሰው ነው የሚያውቀው።

#14 — የሸለቆው

ቆጠራ ያልነካው አንድ የሕግ ነጥብ አለ። 1970 በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከዕጩው ስም ጎን የፖለቲካ መግለጫ የተፈቀደበት የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ነው፤ እስከ ስድስት ቃል። ከዚያ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ አድራሻና የሥራ ዓይነት ብቻ ነበር። የፓርቲ መዝገብ ስላልነበረም ተገንጣይ ዕጩ «ሌበር» የሚለውን ቃል በመግለጫው ውስጥ ቢያስገባ የሚከለክለው አልነበረም። ስም የሚያምታቱ ዕጩዎች ከበዙ በኋላ በ1998 የፓርቲ ምዝገባ ሕግ ወጣ።

ዛሬ አንድ እንደራሴ እንደ ዴቪስ ተገፍቶ በግሉ ልቅረብ ቢል መንገዱ ይኸው፦ በክልሉ የተመዘገቡ 10 መራጮች ፊርማ፣ የስምምነት ቅጽ፣ የመኖሪያ አድራሻ ቅጽና 500 ፓውንድ ማስያዣ፤ ሁሉም ከምርጫው በፊት በ19ኛው የሥራ ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት (በእነሱ 4 ሰዓት) መግባት አለበት። ማስያዣው የሚመለሰው ከ5 በመቶ በላይ ሲያገኝ ነው። በመግለጫ ቦታው «የግል ዕጩ» ይላል ወይም ባዶ ይተወዋል። የፓርቲ ስምና አርማ የሚፈቀደው ፓርቲው በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ፊርማው ላይ ነው፤ ፈራሚው የሚኖረው ከክልሉ ወሰን ሁለት መንገድ ወዲያ ከሆነ ወይም በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥሩ በስሕተት ከተጻፈ ፊርማው ይወድቃል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቀስቃሾች ሁለትና ሦስት መጠባበቂያ ቅጽ አስፈርመው ይይዛሉ፤ አንዱ ቅጽ ቢበላሽ ሌላው ይገባል።

#15 — ሰነድ አገላባጭ

ዴቪስ ፌብሩዋሪ 1972 አረፈ። ኤፕሪል 13 ቀን በተደረገው የማሟያ ምርጫ የሌበሩ ቴድ ሮውላንድስ 15,562፣ የፕላይድ ከምሪው ኤምሪስ ሮበርትስ 11,852 አገኙ። ፕላይድ በሁለት ዓመት ከ3,076 ወደ 11,852። የዴቪስ ድምፅ እንዳለ ወደ ሌበር ቤት አልተመለሰም ማለት ነው። በ1976 ፕላይድ የከተማውን ምክር ቤት ወሰደ። ሮውላንድስ ግን እስከ 2001 ቆየ።

#16 — ጉልላት

ጥሩ፤ ግን የእኔን ነጥብ አልነካችሁም። 1997 ላይ ሌበር 76.7 በመቶ፣ ብልጫው 27,086። ይህን የሚያህል ቁጥር ያለበት ቦታ «ፓርቲን የሚጥል» ነው ማለት ቀልድ ነው።

#17 — ቆጠራ

መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው እንደዚያ ይላል። በ1950ዎቹ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ከመቶ ከ80 በላይ መራጭ ይወጣ ነበር። በ2024 በዚህ ክልል ድምፅ የሰጠው ከግማሽ በታች ነው። አሸናፊው ከተመዘገበው መራጭ ስንት እጅ አገኘ ብለህ ብታሰላው ወንበሩ ያን ያህል የጸና አይመስልህም።

ብልጫውንም በተርታ ተመልከተው፦ በ1997 27,086፤ በ2010 4,056፣ ያውም ሁለተኛ የወጡት ሊበራል ዴሞክራቶች ናቸው፤ በ2015 ሁለተኛ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ባዩ ዩኪፕ፤ በ2024 ሁለተኛ ሪፎርም የተባለው ፓርቲ፣ ብልጫው 7,447። ሁለተኛው ሰው በየጊዜው ከተለያየ ፓርቲ ነው። የተቃውሞ ድምፅ አለ፤ ቤት ግን አላገኘም። በ2016 ሜርተር 56.4 በመቶ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አለች፤ እንደራሴዎቿና ምክር ቤቷ የኅብረቱን የልማት ገንዘብ እየጠቀሱ እንቆይ ሲሏት። በ2017 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ከሌበር ወጥቶ በግል ተመራጮች እጅ ገባ። በአገር ደረጃ አንዱን፣ በከተማ ደረጃ ሌላውን መምረጥ ለዚህ ሕዝብ አዲስ አይደለም።

በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት፣ እኛ አገርም እንዳለው ማለት ነው፣ ተቃዋሚው ሦስት ቦታ እስከተከፈለ ድረስ 44 እና 45 በመቶ ያለው ሰው እንደ ንጉሥ ይቀመጣል። አንድ ሲሆኑ 1970 ይመጣል።

#18 — ዘነበች ካ.

የአከላለሉን ነገር ልጨምር፤ ዛሬ «ሜርተር» የሚባለው የ1970ው አይደለም። በ1983 ከጎረቤቷ ሪምኒ ጋር ተጣመረች። ከዚያ በ2020 የወጣው ሕግ የዌልስን መቀመጫ ከ40 ወደ 32 ቀነሰው። ደንቡ ይህ ነው፦ የመራጭ ቁጥር መለኪያው 73,393፣ ከዚያ 5 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፤ ማለትም ከ69,724 ያላነሰ፣ ከ77,062 ያልበለጠ። ሜርተርና ሪምኒ ከዚህ በጣም ያንሱ ስለነበር ሪምኒ ተቆርጣ ወደ ብላይና ግዌንት ሄደች፤ ከምዕራብ ደግሞ አበርዴር መጣች። ስለዚህ የ2024ቱ ክልል በ1918 የተለያዩትን ሁለት ከተሞች መልሶ አገናኘ። ኪር ሃርዲ ካርታውን ቢያየው ያውቀዋል፤ ለሁለቱ ከተሞች ዛሬ ያለው ግን አንድ እንደራሴ ብቻ ነው።

ሁለት እንደራሴ ለአንድ ወንበር ሲቀር ደግሞ የፓርቲ ውስጥ ፍልሚያ የግድ ነው። በ2023 የሜርተሩ ጄራልድ ጆንስና የከኖን ቫሊዋ (አበርዴር የነበረችበት ክልል) ቤት ዊንተር ለዕጩነት ተወዳድረው ጆንስ አሸነፈ፤ ዊንተር የምርጫውን አካሄድ ወቀሰች፣ በግሏ ግን አልቀረበችም። የሸለቆው ከላይ የጻፈውን የ1998 ሕግ ስታስቡ ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ዛሬ ተገንጣይ ወረቀቱ ላይ የፓርቲውን ስም ይዞ አይቀርብም።

#19 — ሥላሴ ሰፈር

እዚያ ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ጥያቄ ላንሳ። የብሪታንያ ዜግነት ያላገኘ ኢትዮጵያዊ ሜርተር ውስጥ ቢኖር ድምፅ አለው?

#20 — የሸለቆው

ለዌስትሚንስተር፣ ለብሪታንያ ፓርላማ ማለት ነው፣ የለውም። እዚያ የሚመርጡት ብሪታንያዊ፣ አየርላንዳዊና መስፈርቱን የሚያሟላ የኮመንዌልዝ ዜጋ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። የዌልስ ሕግ ግን ይለያል። በዌልስ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ዕድሜው 16 ከሞላ ለዌልስ ፓርላማና ለከተማ ምክር ቤት ይመርጣል። እንግሊዝ ውስጥ ላለ ኢትዮጵያዊ ይህ መብት የለም፤ ስለዚህ ከበርሚንግሃም ወደ ሜርተር የተዛወረ ሰው «አይመለከተኝም» ብሎ የምዝገባ ደብዳቤውን ይጥለዋል። አትጣሉት። ቅጹ ላይ ዜግነትን በትክክል ጻፉ፤ ስማችሁ በመዝገቡ ላይ የሚገባው ለእነዚያ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ነው።

መታወቂያ ላይም ሰው ይደናገራል። ለብሪታንያ ፓርላማ ምርጫ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ነው፤ ለዌልስ ፓርላማና ለከተማ ምክር ቤት አያስፈልግም። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የዌልስ ፓርላማ አመራረጥ ተለውጧል፦ 96 አባላት፣ 16 ክልሎች፣ ከእያንዳንዱ 6 ሰው። ሜርተር ያለችው ፖንቲፕሪድ ከኖን ሜርተር በሚባለው ውስጥ ነው። መራጩ አንድ ምልክት ለፓርቲ ዝርዝር ወይም ለግል ዕጩ ያደርጋል፤ መቀመጫው በድምፁ መጠን ይከፋፈላል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሰው ከፍ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ ቅደም ተከተሉ የፓርቲው ነው።

#21 — ጉልላት

እንግዲያው ሰውዬውን ከፓርቲው መለየት የሚባለው የሜርተር ልማድ በዚህኛው ምርጫ መሣሪያ አጣ ማለት ነው?

#22 — ቆጠራ

በከፊል። የግል ዕጩ መቅረብ ይችላል፤ በስድስት መቀመጫ ክልል ደግሞ ለመግባት የሚያስፈልገው እንደ ውድድሩ ከ12 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ነው። ነገር ግን ክልሉ ሦስት ሸለቆ ስለሚያካልል በአንድ ከተማ ብቻ የሚታወቅ ሰው ያን ለማግኘት በቤቱ እጅግ ከፍ ያለ ድምፅ ያስፈልገዋል። የዴቪስ 16,701 የመጣው ከአንድ ከተማ ነው፤ ፖንቲፕሪድ ያለው መራጭ እሱን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።